ርካሹ ካርድ

ባምላኩ በፍኖተ ሰላም ከተማ የቤት ንድፍ እየሠራ የሚተዳደር ሰው ነው። አሮጌ ኮምፒውተሩ የቤቶቹን ምስል ማዞር አቅቶት ደንበኞች ሲነዘንዙት፣ ገበያው አጠገብ ካለች ሱቅ የኮምፒውተርን ምስል የሚያፋጥን ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ገዛ።

“አልፎ አልፎ አንዳንድ ነገር ሳያሳይ ይዘላል እንጂ ደህና ነው። በዋጋው ልክ ነዋ!” አለው ሻጩ እየሳቀ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሚስቱ ሠርክአዲስ ገበያ ስትወጣ በሩን ከውስጥ ቆለፈና የኮምፒውተሩን ሆድ ፈቶ ካርዱን ገጠመው። ለሙከራ ድሮ የነደፈውን የገዛ ቤቱን ከፈተ። ቆርቆሮው፣ የጭቃ ግድግዳው፣ ሁሉም ጥርት ብሎ መጣ። መስኮቱ ግን የለም።

“ይኸው፣ መዝለል ጀመረ” አለ ለራሱ።

ክፍሉ ጨለም አለበት። ደመና መስሎት አምፖሉን አበራ።

ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ቢያስነሳው ደግሞ በሩም ከምስሉ ጠፋ። “ኧረ ጭራሽ ባሰበት!” ብሎ ሊስቅ ሲል፣ መዳፍ ግድግዳውን ከውጭ ሲዳብስ ሰማ።

“ባምላኩ!” አለች ሠርክአዲስ።

“መጣሁ!” ብሎ ዞረ። በሩ ላይ ሰቅሎት የነበረው ኮቱ መሬት ላይ ወድቋል። ከኮቱ በላይ ልሙጥ ግድግዳ ብቻ ነው።

“አንተ፣ በሩን ምን አደረግኸው?” አለች ከግድግዳው ወዲያ። “ቤቱን ዙሪያውን ዞርሁት እኮ!”

ባምላኩ ተንደርድሮ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። በሩን መልሶ ሊሥለው ማውዙን እንደያዘ፣ መብራት ሄደ።