ሌላኛው ዓይን እስኪገለጥ

ሰው እንደ ዶልፊን በግማሽ አንጎሉ ብቻ መተኛት ከጀመረ ወዲህ አልጋ የሚገዛ የለም። አንዱ ጎን ሲያንቀላፋ ሌላው ሥራውን ይሠራል። አንዱ የሰማውን ግን ሌላው አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ወንዳፍራሽ ጎረቤቱን አስከትለው መጡና ለባለቤቴ ለስንዱ የአባቷን መርዶ አረዷት። በግራ ዓይኗ አለቀሰች፤ ቀኙ ተከድኗል። እንግዶቹ አልሄዱም። ንፍሮ እየበሉ ጠበቁ።

ከሰዓት በኋላ ግራው ተከደነና ቀኙ ተገለጠ። ስንዱ ቤቱ በሰው መሙላቱን አይታ ፈገግ አለች።

«ምነው፣ ይሄ ሁሉ እንግዳ ሲመጣ አትነግረኝም?» አለችኝ። «በል ለአባዬ ደውልለት፤ ሰው ሲሰበሰብ ደስ ይለዋል።»

የግራ ጉንጯ ገና አልደረቀም።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ንፍሮውን አስቀምጠው ነጠላቸውን እንደ አዲስ ዘቀዘቁ።

«ልጄ፣ እስኪ ቁጭ በይ» አሏት።