ከመቶው ሦስቱ

«እማዬ፣ ደብዳቤ ከላክሽ በኋላ ሐሳብሽን ብትቀይሪስ?» ብላ ትንሿ ልጇ አንድ ቀን ጠይቃት ነበር።

«ፖስታው ከታሸገ አለቀ፣ የኔ ልጅ» አለቻት እናት።

በመሥሪያ ቤቷ ግን ነገሩ እንደዚያ መሆኑ ቀርቷል። እዚያ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር በሆዱ ብዙ ኮምፒውተሮችን ይዟል። የሚዳሰሱ አይደሉም፤ በፕሮግራም የተፈጠሩ ናቸው፣ ቨርቹዋል ማሽን ይሏቸዋል። ድሮ ከትልቁ ጋር መልእክት ሲለዋወጡ መልእክቱ መጀመሪያ ይገለበጥና ግልባጩ ይላክ ነበር። ይህ ጊዜ ይፈጃል። ዘንድሮ አለቃዋ ኮምፒውተሩን በሚያዘው በከርነሉ ውስጥ ግልባጭ የሚያስቀር አዲስ መንገድ ጻፈ። ተቀባዩ የላኪውን ገጽ ራሱን፣ በተቀመጠበት ያነበዋል። «አንብቤያለሁ» እስኪል ድረስ ላኪው ገጹን መንካት የለበትም። ፍጥነቱ ለጉድ ነው።

የእሷ ሥራ መፈተን ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ የስድስት ወር ኮርስ ወስዳ የገባች ሴት ናት፤ ኮድ አትጽፍም። ቀኑን ሙሉ እያከፋፈለች መቶ መልእክት ትልካለች፤ የደረሰውን ከተላከው ጋር ፊደል በፊደል ታመሳክራለች። ትዕግሥቷን የማያውቅ የለም።

ከመቶው ሁለት ሦስቱ ተበላሽተው ይደርሳሉ፤ ጭራሽ የማይገናኝ ነገር ሰፍሮባቸው።

«ሰው እየነካው ነው» አለ አለቃዋ። «የኔ ኮድ እንደሆነ ንጹሕ ነው። ያ ሰውዬ ከመጣ ወዲህ ነው ይህ ሁሉ።»

ሰውዬው አዲሱ ፕሮግራመር ነው፤ ከመጣ ሁለት ወሩ ነው፤ አዲሱ መንገድም የተከፈተው በዚያው ሰሞን ነበር። ዝምታው ስለበዛ «ድምፅ አጥፉ» ይሉታል። በመጀመሪያው ስብሰባ «ላኪው ትንሽ ቢታገስ...» ብሎ ሲጀምር፣ አለቃው «ወንበርህ ሳይሞቅ ልታስተምረን ነው?» ብሎ አሳቀበት። ከዚያ ወዲህ አፉን አልከፈተም።

አንድ ሳምንት ሙሉ በዓይኗ ስትከተለው ከረመች። ከሁሉ ቀድሞ ይገባል፣ ከሁሉ ኋላ ይወጣል። ምሳውን እንኳ ከስክሪኑ ፊት ሳይነቃነቅ ነው የሚበላው። በስክሪኑ ጥግ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች፤ እሷ መልእክት ስትልክ ቁጥር ይወርድባታል። በሥራ ዝርዝሩ ላይ የለችም። ሰው ሲጠጋ በትከሻው ይከልላታል፤ ከወንበሩ ሲነሣ ደግሞ ይዘጋታል፣ ደንቡ የከፈቱትን ሁሉ ዘግቶ መነሣት ነውና።

በደብተሯ ሰዓት መያዝ ጀመረች። መልእክቶቹ የሚበላሹት ሁልጊዜ እሱ ውጪ ሲሆን ነው፤ ውሃ ሊቀዳ ሲነሣ፣ ነፍሰ ጡር ሚስቱ ስትደውልለት ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ።

«አየሽልኝ ተንኮሉን!» አለ አለቃዋ ደብተሩን ሲያይ። «አበላሽቶ እብስ! ‹እኔ አልነበርኩም› ሊል እኮ ነው። ጻፊና ስጪኝ፣ ዛሬውኑ ይባረራል።»

እጇ እንቢ አላት። የሰው እንጀራ ነው። ‹ፈጣሪዬ፣ በሐሰት ከመመስከር ጠብቀኝ› አለች በልቧ፤ ከዚያ ወደ ሰውየው ሄደች።

«ወንድሜ፣ ያቺ መስኮት ምንድን ናት?»

ፊቱ ተለዋወጠ። አለቃው ወዳለበት ክፍል ዞር ብሎ አየ። «እህቴ፣ እባክሽ አላየሁም በይ። ሥራው በሰላም ይሂድ።»

«እንዴት ብዬ? እኔም ልጅ አሳዳጊ ነኝ።»

«እኔም ልሆን ነው» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። ፊቱን ወደ ስክሪኑ መለሰ።

‹ንጹሕ ሰው እንዲህ ይለማመጣል?› ብላ አሰበችና ክሱን ጻፈች፤ ፈረመችበትም።

ከሰዓት በኋላ ጥበቃው አጠገቡ ቆሞ ዕቃውን ሰበሰበ፤ አንድ ኩባያ፣ አንድ ሹራብ። በእሷ ጠረጴዛ በኩል ሲያልፍ «ልጅሽን ሳሚልኝ» አላት። ኮምፒውተሩን ነቅለው ወሰዱት።

«ተገላገልን!» አለ አለቃዋ እጁን እያፋተገ። «በይ እንግዲህ፣ ነገ መቶ ከመቶ አምጪልኝ።»

በማግስቱ ጠዋት በልቧ ጸልያ ጀመረች፤ እስከ ማታ መቶውን መልእክት ላከች፤ አንዱም ደህና አልደረሰም።