የፍልፈሉ ሪፖርት

ዱባለ ቀበሌ ውስጥ የሚሠራው በኮንትራት ነው። ስለዚህ የፀጥታ ኃላፊዋ ወይዘሮ ዓመለወርቅ ሲያስጠሩት አልተራመደም፤ ሮጠ።

"መምህር ጌታሁን ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ሰዎች ይሰበሰባሉ" አሉት። "ጎረቤት 'ንጉሡን እንገለብጠዋለን' ሲሉ ሰምቷል። አንድ ለአምስት አይደሉ፣ ዕድር አይደሉ፣ የጸሎት ቡድን አይደሉ። ታዲያ ምንድን ናቸው?"

ዱባለን ላብ አጠመቀው። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ባለባጃጁ አንጁሎ፣ የሚስቱ የአሳየሽ ታናሽ ወንድም ነው።

"ገብተህ ስማቸው። ሰኞ ሰኞ መጥተህ ትነግረኛለህ። በቃል! ወረቀት አልፈልግም።"

ምን ምርጫ አለው? ያን ጊዜ ሶዶ ውስጥ ሦስት ሰው ሆኖ መሳቅ እንኳ ዞር ብሎ የሚያይ አያጣም ነበር። ቅዳሜ ደርሶ አንጁሎን "እኔንም ውሰደኝ" ሲለው አንጁሎ ደስ ብሎት በባጃጁ ጭኖት ሄደ።

ሴራ የተባለው ነገር ጨዋታ ሆኖ ተገኘ። ኦቶና ሆስፒታል ትሠራ የነበረች አንዲት ፈረንጅ ወደ አገሯ ስትመለስ ለነርሷ ለቤቴል የተወችላት ሳጥን ነው። ውስጡ እየተወረወረ ቁጥር የሚያወጣ፣ ብዙ ጎን ያለው ዳይስ አለ። ተጫዋቹ እንስሳ ይሆንና ጀብዱ ፍለጋ ይወጣል። መምህር ጌታሁን ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ "እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ፣ መሳካቱን ዳይሱ ይወስናል። ቤቴል ጃርት ናት፣ አንጁሎ ጦጣ። ንጉሡ ደግሞ ዳሞታ ተራራ ላይ ዙፋኑን የዘረጋ፣ የአገሩን ቅቤ ጠራርጎ የወሰደ ጅብ ነው።

"አንተስ ምን ትሆናለህ?" አለችው ቤቴል።

"ፍልፈል" አለ ሳያስበው።

"ኧረ ጉድ! ጃርትና ፍልፈል አንድ ላይ? የአባቴ እንሰት አለቀለት!"

ሰኞ ዱባለ ቀለል ብሎት ቢሮ ገባ። "ጨዋታ ነው፣ እትዬ። የልጅ ነገር።"

ወይዘሮ ዓመለወርቅ ተነሥተው በሩን ዘጉ። "ጨዋታ መሆን አለመሆኑን እኔ እወስናለሁ። ከመጀመሪያው ጀምር።"

ጀመረ። ውጭ የተሰለፈ ባለጉዳይ ሁለቴ አንኳኳ፤ ሁለቴም "ነገ ና!" ተባለ።

"ጃርቷ ወንዙን በምን ተሻገረች?"

"በእንሰት ቅጠል ላይ ተቀምጣ።"

"ማን መከራት?"

"ማንም። ራሷ ናት።"

"እህ" አሉ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው።

ከሰኞ ሰኞ ጥያቄው ጠና። ከጅቡ ጀርባ ማን አለ? ጦጣው ለምን ዋሸ? ጃርቷ ከሁሉም የምታምነው ማንን ነው? የሰው ስም ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀውት አያውቁም። ዱባለን ክፉኛ ያስፈራው ይሄ ነው። ስማቸውማ ተይዟል ማለት ነው፣ የቀረው ማሰሩ ብቻ ነው አለ በልቡ።

አንዴ ቦዲቲ ለቅሶ ሄዶ ቅዳሜ አመለጠው። ሰኞ "ዛሬ የምነግርዎት የለኝም" ቢላቸው ጠረጴዛውን በቡጢ ነረቱት። "እንጀራህን የምትፈልገው ከሆነ ቅዳሜ ከዚህ ከተማ ውልፍት እንዳትል!"

ይባስ ብሎ ዱባለ ጨዋታውን ወደደው። ቤት ሲገባ ደግሞ አሳየሽ "ከወንድሜ ጋር መዋልህ ደስ ብሎኛል፣ አደራ እየው" ትለዋለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። አሳልፎ የሚሰጠው የገዛ አማቹን ነው!

በመጨረሻ አንድ ሰኞ ከቢሮው በር ላይ ሁለት ሚሊሻ ቆመው አገኘ። ወይዘሮ ዓመለወርቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ቅዳሜ ጅቡን ትገጥሙታላችሁ አይደል? ከዚያ በኋላ እኔ የማደርገውን አውቃለሁ" አሉት።

ዱባለ ቆረጠ። ጨዋታው ከሌለ ስብሰባ የለም፤ ስብሰባ ከሌለ እስር የለም።

ቅዳሜ ገና ከመጀመራቸው "ፍልፈሉ ተራራውን ከሥር ይቦረቡረዋል" አለ።

"እንዴ! ተራራው እኮ በሁላችሁም ላይ ይናዳል" አለ ጌታሁን።

"ይናድ።"

ዳይሱን ወረወረው። ተሳካለት። ጅቡም፣ ጦጣውም፣ ፍልፈሉም፣ ጃርቷም አለቁ። ቤቴል አኮረፈች፤ አንጁሎ "ምን ነካህ፣ አንተ ሰው?" እያለ ጮኸበት። ጌታሁን ብቻ "በቃ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለስንብት ሻይ እንጠጣና እንለያይ" አለ።

ሰኞ ዱባለ ቆሞ ተናገረ። "ሁሉም ሞቱ፣ እትዬ። ጨዋታው አልቋል። ከእንግዲህ የሚሰበሰብ የለም።"

ወይዘሮ ዓመለወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ጃርቷም?"

"ጃርቷም።"

"ውጣ!"

ቅዳሜ ሻዩ ገና ሳይቀዳ መኪና ከደጅ ቆመ። ሁለቱ ሚሊሻዎች በሩን ግራና ቀኝ ያዙት። አንጁሎ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ቤቴል ሳጥኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ዱባለ ብድግ አለ። "ለቀበሌ የነገርኩት እኔ ነኝ! እነሱ ምንም አላደረጉም፤ የሚታሰር ካለ እኔን እሰሩኝ!" ብሎ እንባው መጣ።

ወይዘሮ ዓመለወርቅ ከመኪናው ወርደው መጡ። ገብተው በሩን ከውስጥ በገዛ እጃቸው ቀረቀሩ። አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ በርጩማ ስበው ተቀመጡና ሳጥኑን ከቤቴል ተቀብለው ዳይሱን ጌታሁን ፊት አስቀመጡ።

"ጃርቷ ካልተነሣች ማንም ከዚህ ቤት አይወጣም።"