ገና ያልተቀመሰ ቦዬ

ካፉዊ ከባሏ እናት ከእማማ ያዋ ጋር ገበያ መውጣት ያንገሸግሻታል። እማማ ያዋ የባሚያውን ጫፍ ቀንጠብ አድርገው ለጋ መሆኑን ሳያዩ አይገዙም። ጎመኑን ያሸቱና፣ "ይሄ የትናንት ነው፤ ለፍየልሽ ስጪው" ብለው ባለጎመኗን ያሳፍራሉ።

ዛሬ ግን ባሚያውንም ጎመኑንም ዞር ብለው ሳያዩ አለፉ። ካፉዊ ነገሩ አላማራትም።

የአዲሱ ቦዬ በዓል ነገ ነው። የእማማ ያዋ ባል፣ የአድባሩ አባት ቶግቢ ዶትሴ፣ አገር በተሰበሰበበት ከማሳ የተቆፈረውን የመጀመሪያውን የቦዬ ሥር ይቀምሳሉ። እስከዚያ አዲሱን ማንም አይሸጥም፣ ማንም አይበላም። ዓመቱ ክፉ ይዞ ከመጣ የሚያርፈው በመጀመሪያው ቀማሽ ላይ ነው፤ ሌላው ከዚያ ወዲያ እፎይ ብሎ ይበላል። አምና የቀመሱት የቶግቢ ታላቅ ወንድም ሳምንት ሳይሞላቸው ተቀበሩ። ዘንድሮ ተራው የቶግቢ ሆነ። ሰሞኑን እህል አልወርድ ብሏቸዋል። ካፉዊ እኚህን ደግ ሰው ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል።

እማማ ያዋ ግን ጭራሽ ብሶባቸዋል። ከባላቸው ጋር ሳምንቱን ሙሉ ሲነታረኩ ከረሙ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሳጥናቸውን ገለባብጠው የክት ልብሳቸውን ለካፉዊ ወረወሩላት።

"ያዢ፤ እኔን ጠቦኛል።"

መንገዱንም በሙሉ ነዘነዟት። "ሾርባው ላይ በርበሬ አታብዢ፤ ሽማግሌውን ያስለዋል። ሰማሽ?"

ሰውየው በሞት አፋፍ ላይ ናቸው፣ እሳቸው ስለ በርበሬ! አለች ካፉዊ በሆዷ።

ቦዬ ተራ ሲደርሱ፣ "አንቺ እዚህ ቁሚ" ብለዋት ወደ ነጋዴዋ ወደ ኤሲ ሄዱ። ካፉዊ አልቆመችም። ከቲማቲም ቅርጫቶቹ ጀርባ ተጠግታ ጆሮዋን ጣለች።

"ከየትኛው ማሳ ነው?" አሉ እማማ ያዋ።

"ነገ ለቶግቢ ከሚቆፈርበት። ኧረ እማማ፣ ሰው ካየን እኮ ይቀጠቅጠኛል!"

"አንቺ አፍሽን ያዢ እንጂ ማን ያያል?"

ኤሲ ግራ ቀኝ አየች። ከአምናው ቦዬ ስር አፈሩ ያልደረቀ አዲስ ቦዬ መዝዛ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻቸው።

የካፉዊ ደም ፈላ። ይቺ ሆዳም አሮጊት! አንድ ቀን መታገስ አቃታት? ወይስ አንድ ነገር ጨምራበት ነገ ለሰውየው ልታቀርብ ነው? ይሄ ሐሳብ ቤት እስኪደርሱ አልለቀቃትም።

ቶግቢ አድባሩ ዘንድ ናቸው፤ ግቢው ጭር ብሏል። እማማ ያዋ ማድ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ብዙም ሳይቆይ የተቀቀለ ቦዬ ሽታ መጣ። ካፉዊ እዚያና እዚህ ተንቆራጠጠች፤ ለባሏ ልንገር ወይስ ሮጬ ለቶግቢ? በመጨረሻ አላስቻላትም፤ በሩን በርግዳ ገባች።

እማማ ያዋ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ያለ ወጥ፣ ያለ ጨው፣ ደረቁን ቦዬ ይጎርሳሉ። ፊታቸውን ላብ አጥምቆታል።

"እማማ! ነውር አይደለም? አገር ሳይቀምስ? ቶግቢን ሊያዋርዷቸው ነው ወይስ ሊገድሏቸው? እናገራለሁ፤ አሁኑኑ ሄጄ እናገራለሁ!"

አሮጊቷ የጎረሱትን በግድ ዋጡ።

"ተይ ልጄ፣ እሱ እንዳይሰማ" አሏት፤ "ነገ የሚቀምሰው ሁለተኛ ሆኖ ነው።"