ቄስ ይሄይስ አርፈዋል

ጥርባ ከተማ አጠገብ ያለው የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አጥሩ ወድቆ፣ መቃብሩ ላይ ከብት ሲፈነጭ ዓመት አለፈው። በ2008 ዓ.ም. ግን መንደርተኛው አፈረ። በየወሩ በዐሥራ ዘጠኝ፣ በሬ በማይጠመድበት ቀን፣ ግቢውን ሊያርሙና ሊያጥሩ በፈቃዳቸው ተሰባሰቡ። ደሞዝ የለ፣ አለቃ የለ። ያለው ነጋ ብቻ ነው፤ ነጋ ደግሞ ማዘዝ ሲወድ ለጉድ ነው።

በጥቅምት ገብርኤል ጠዋት መሳፍንት የአጥር ጉድጓድ ሲቆፍር ጩኸት ሰማ። ዶማውን እንደያዘ ሮጠ።

አባቱ ቄስ ይሄይስ መሬት ላይ ወድቀዋል። ነጭ ጥምጥማቸው በደም ርሷል። ከሰል አክሳዩ ሀብቱ ሽመሉን ይዞ ከበላያቸው ቆሟል። ሰውዬው የዲከረንስ ችግኙን አጥር አሳልፎ መቃብር ላይ ተክሎ ነበርና፣ ቄሱ ነቅለው ሲጥሉበት አናታቸውን ሁለቴ አላቸው። ለከሰል እንጨት! ሰው እንዲህም ይጨክናል?

መሳፍንት ዶማውን አነሳ።

«መሳፍንት!» አሉ አባቱ ከወደቁበት። «እኔ በነፍስ ሳለሁ እጅህን እንዳታነሳበት። በታቦቱ ማልልኝ!»

እጁ አየር ላይ ቀረ። አባቱን እንቢ ብሎ አያውቅም።

«እርስዎ በነፍስ እስካሉ አልነካውም። ገብርኤል ይፍረድብኝ» አለ ጥርሱን ነክሶ።

ሀብቱ ሽመሉን ጥሎ ሸሸ።

ቄሱን በቃሬዛ እስከ መንገዱ አወረዷቸው። ባጃጅ ተገኘ። ሚስታቸውና ጎረቤታቸው ገብረ ማርያም ግራና ቀኝ ደግፈው ሲቀመጡ ባጃጁ ሞላ፤ መሳፍንት ቀረ። ወደ ቆሰበር ሐኪም ቤት በረሩ። ገብረ ማርያም አገውኛ ተናጋሪ ነው፤ አማርኛን ከነአክብሮቱ የተማረው ከቄሶች እግር ሥር ስለሆነ፣ ለካህን «በሉ» ማለት ነውር ይመስለዋል፤ «ቀመሱ» ይላል። በዚህ መንደሩ ሁሉ ይስቅበታል።

ነጋ መሳፍንትን ከዓይኑ አላራቀውም።

«ና፣ አጥርህን ቆፍር» አለው። «ምለሃል።»

«ምያለሁ።»

«አባትህ ሲድኑ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ሀብቱም ይክሳል።»

«ባይድኑስ?»

መሳፍንት መቆፈሩን ቀጠለ። በያንዳንዱ ምት ውስጥ የሀብቱ አናት ይታየው ነበር፤ ይህን ደግሞ አልደበቀም፣ እየቆጠረ ጮክ ብሎ ተናገረው። ሰዎቹ አማተቡ።

ስድስት ሰዓት አልፎ የነጋ ስልክ ጮኸ። ኔትወርክ የሚገኘው ደወሉ አጠገብ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ ወደዚያው ሮጦ ወጣ።

«ሃሎ! ገብረ ማርያም! ጮክ በል እንጂ!»

ድምፁ ይቆራረጣል። «ደም ብዙ ፈሷቸው... ሲያቃስቱ ቆይተው... አሁን አርፈዋል።»

«ምን አልክ?»

«አርፈዋል! ሰው እንዳይደክም፣ ወዲህ አትምጡ። እኛው ይዘናቸው እንመጣለን...»

መስመሩ ተቋረጠ። ነጋ ከጉብታው ወረደ። መናገርም አላስፈለገውም፤ ፊቱን ያየ ሁሉ ገባው።

«አባትህ አረፉ፣ ልጄ» አለ።

መሳፍንት አላለቀሰም። «እንግዲህ መሐላው ወረደልኝ» አለ ብቻ።

ደወል ተደወለ። ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ መጡ። በጎ ፈቃደኞቹ የአጥሩን ሥራ ትተው ካህናት ወደሚቀበሩበት ጥግ አለፉ። መሳፍንት አብሮ ሊቆፍር ሲል ነጋ ገፋው፤ «ልጅ የአባቱን መቃብር አይቆፍርም፣ ነውር ነው!» አለው። ዶማውን ግን አልቀማውም። ምነው በቀማው!

ጉድጓዱ ከወገብ ሲያልፍ በበሩ በኩል ሰው ገባ። ሀብቱ ነበር። ደወሉን ቤቱ ሆኖ ሰምቷል፤ መሸሽም ይችል ነበር። እሱ ግን እንደ አገሩ ወግ ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ መጣ።

«ገደልኩ! አጥፍቻለሁ!» እያለ ያለቅሳል። «ስለ ገብርኤል ማሩኝ!»

«መሳፍንት፣ ድንጋይ ተሸክሟል!» ብሎ ጮኸ ነጋ። «ድንጋይ የተሸከመ አይነካም!»

መሳፍንት ግን ደርሶ ነበር። የመጀመሪያው ምት ሀብቱን በጉልበቱ አንበረከከው። ሰውዬው እጁን እንኳ አላነሳም፤ ድንጋዩን እንደያዘ ነው። በሁለተኛው ድንጋዩ ተንከባለለ። ሦስተኛው ባያስፈልግም መሳፍንት መታ። ደሙ ፊቱ ላይ ተረጨ።

አራት ሆነው ጣሉት፤ እጁን ወደኋላ በመጫኛ አሰሩት። እሱም አልታገለም። «ያባቴን ደም መለስኩ» ይላል። አሁን ነው ያለቀሰው። አንዱ ጋቢውን አውልቆ ሬሳው ላይ ጣለ።

ከመንገዱ የባጃጅ ድምፅ ተሰማ።

«አስከሬኑ መጣ» አለ ነጋ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሴቶቹ ሙሾውን አነሱ። ባጃጁ እስከ በሩ መጥቶ ቆመ። ገብረ ማርያም ቀድሞ ወረደና ሕዝቡን አይቶ ግራ ተጋባ፤ ከዚያም ክንዱን ወደ ውስጥ ዘረጋ።

ጭንቅላታቸው በፋሻ የተጠቀለለ ሽማግሌ ክንዱን ተደግፈው ወረዱ፤ አዲሱን ጉድጓድ አዩና፣ «ምነው ልጆቼ፣ ማን ሞተ?» አሉ።