ጌሾው ሥር

ስመኘው የሞተች ስልኩን ሊቀብር ጌሾው ሥር ቆፈረ። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ ያበጠ የስልክ ባትሪ፣ ከብት እንዳይበላው እያለ ሁልጊዜ የሚቀብረው እዚያው ነበር። ነገ ልጁ «ተች» የሚሏትን፣ በጣት እየነኩ የሚያዟትን አዲስ ስልክ ከቡሬ ከተማ ያመጣለታል።

«የነገዋ እኮ ጥጃው ገና ሳይወለድ ፎቶውን ታነሳለች!» አለ።

ሚስቱ ደስታነሽ አልሳቀችም። ለጠላዋ የምትቀነጥሰው ጌሾ ዘንድሮ ደርቆባት፣ በዓይንሽ በላሽው ብላ ከጎረቤቷ ከሥርጉት ጋር ተኳርፋ ከርማለች።

ዶማው አንድ ነገር ጨፈለቀ። ከፈነዱት ባትሪዎች የወጣው ጥቁር ዝቃጭ የጌሾውን ሥር አክስሎታል። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት።

«ለካ ቡዳዋ እኛው ቤት ኖራለች» አለች ደስታነሽ ቀስ ብላ።

ስመኘው አፈሩን ሊመልስ ሳብ አደረገና ተወው። ወደ ጤፉ አየ፤ ወደ ምንጩ አየ። ስልኩን የሚጥልበት ቦታ ጠፋው፤ መልሶ ኪሱ ከተታት።

«ለሥርጉት... ነገ አዲሷ ስትመጣ ደውለሽ ትነግሪያታለሽ» አላት፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

«አጥሯ ይኸው እኮ ነው፣ አንተ ሰው!»

ከጉድጓዱ አንድ የዛገ ባትሪ አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና፣ እግሯን እየጎተተች ወደ ሥርጉት በር ሄደች።