የክኒን ዘብ

ሻምበሉ የገዛ ልጁን ከናቃት ቆይቷል። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ውድነሽ ሥራዋን ትታ እሱን ስታጥብ ስታበላ ዓመታት አለፉ፤ እሱ ግን ከዚያ ወንበሩ ላይ ሆኖ «ወጥሽ ውኃ፣ ወሬሽ ውኃ» ከማለት አልቦዘነም። ሰሞኑን ደግሞ ክኒኖቹን ሁሉ ሰብስባ ጎረቤት አስቀመጠች። ጤና ጣቢያ «አረጋውያን ራሳቸውን እንዳያጠፉ ጠብቁ» ሲባል ሰምታ ነዋ! ይላል እሱ። አሁን ጎረቤቷ እትዬ ስንቅነሽ በየጠዋቱ የዕለቱን ብቻ ይዘው ይመጣሉ።

ዛሬ ሲመጡ ውድነሽ ወፍጮ ቤት ሄዳ ነበር። ሻምበሉ አፈጠጠባቸው።

«ጥይት ያልጣለኝን ሰው ክኒን ይጥለዋል ብላ ነው? ይቺ ፈሪ! ለራሷ የማትሆን፣ እኔን ልትጠብቅ!»

እትዬ ስንቅነሽ ክኒኑን መዳፉ ላይ አኖሩለት።

«እርስዎን አይደለም፣ ሻምበል። ‹ቤት ውስጥ ካየሁት ራሴን አላምነውም፤ ከእኔ ይደብቁልኝ› ብላኝ ነው።»

ውድነሽ ዱቄቱን ተሸክማ ገባች።

«ቁርስ ዘገየብህ፣ አባዬ?» አለችና ስድቡን ጠበቀች።

ሻምበሉ ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ፤ ማንም ተቀምጦበት የማያውቀውን ወንበሩንም ወደ እሷ ገፋው።

«ቁጭ በይ» አላት።